ቅጂው «ቅጂ» ይባልልን፦ ስለ ፎርጅድ ሳንቲሞች ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጥንት ሳንቲም ቅጂዎች ላይ «ቅጂ» የሚል ጽሑፍ እንዲታተም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ተራ ሳንቲም ሰብሳቢ ነኝ። ሱቅ የለኝም፤ የታሪክ ዲግሪም የለኝም። ያለኝ ጠገራ ብር፣ አላድ፣ ግርሽና ቤሳ የሚባሉ የድሮ ገንዘቦች የተከመሩበት አንድ መሳቢያ ነው። ቤተሰቤ «ቆርቆሮህን» ይለዋል። የሆነ ሆኖ በዚህ ቆርቆሮ ሰበብ ብዙ ሻጭ፣ ብዙ ገዢና ብዙ ፎርጅድ አይቻለሁ። የምጠይቃችሁም ከዚያው የመጣ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ለስጦታ ዕቃ ተብለው የሚሠሩ የአክሱም ሳንቲም፣ የማርትሬዛ (ጠገራ ብር የምንላት) እና የምኒልክ ብር ቅጂዎች ብረታቸው ላይ «ቅጂ» የሚል ጽሑፍ ይታተምባቸው። ብረቱን ሰርስሮ የገባ ጽሑፍ ማለቴ ነው። የወረቀት ልጣፊ አይሆንም፤ እሱ በጥፍር ይነሣል። ማሸጊያው ላይ መጻፍም አይበቃም፤ ማሸጊያው ሱቁ በር ላይ ይጣላል።

ቅጂ ይታገድ አላልኩም። እንዲያውም ቅጂ ብወድ ነው። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም በእጁ ይዞ የማያውቅ ተማሪ ጥሩ ቅጂ ቢይዝ ምን ይጎዳል? የሚቀርጹትም ሰዎች ከዚያው ላይ እንጀራቸውን ይበላሉ። ችግሩ ቅጂው ከሱቅ ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሸጠው ሰው «ማስታወሻ ነው» ብሎ በሐቅ ይሸጠዋል። ሁለተኛው ዝም ብሎ ይሸጠዋል። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ «የአያቴ ነው» ሆኗል።

አክሱም ሐውልቶቹ አካባቢ የሄደ ሁሉ መዳፉን ገልጦ ሳንቲም የሚያሳየውን ልጅ ያውቀዋል። «አባቴ ሲያርስ ያገኘው ነው» ይላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው፤ ልጁ እውነቱን ሊሆን ይችላላ! በዚያ አካባቢ ማሳ ላይ፣ በተለይ ዝናብ አፈሩን ካጠበው በኋላ፣ እውነተኛ የመዳብ ሳንቲም ይገኛል። ስለዚህ በአንድ መዳፍ ላይ ቅርስና ፎርጅድ አብረው ይቀመጣሉ። ሁለቱም እኩል ቆሽሸዋል። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።

አንዳንዱ ፎርጅድ ግን ያስቃል። ባለፈው አንድ ጓደኛዬ «የኢዛና ወርቅ» ተብሎ የተሸጠለትን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እውነተኛዋ የኢዛና ወርቅ ከአምስት ሳንቲማችን ታንሳለች። ንጉሡ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ የወጣችው 1.6 ግራም ያህል ብትመዝን ነው። የጓደኛዬ ሃምሳ ሳንቲም ታክላለች፤ ሚዛን ላይ ስትወጣ 8 ግራም አለፈች። ብረቱ ናስ ነው። አንገቱ አካባቢ ቢጫው ተልጦ ቀይ ቀይ ይላል። በእውነተኛዎቹ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ንጉሡ በሁለቱም ገጽ አለ፤ በአንዱ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ራሱን በሻሽ ሸፍኖ፣ ግራና ቀኝ የእህል ዛላ አቅፎት። በዚህችኛዋ ጎፈር በኩል ግን የአክሱም ሐውልት ቆሟል! ስሙ ደግሞ እኛ ዛሬ በምንጽፈው ፊደል «ኢዛና» ተብሏል። የእሱ ወርቅ የተጻፈው በግሪክ ነው። ለካ ይህም አልበቃም፤ ከላይ ጨረቃም መስቀልም አለ። ኢዛና ጨረቃውን አንሥቶ መስቀሉን የተካ ንጉሥ ነው። በዚህች ሳንቲም ላይ ገና አልወሰነም።

ጓደኛዬ ሳቀ፤ ከዚያ የከፈለውን ብር ሲነግረኝ ሁለታችንም ዝም አልን።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የገለጠ ሰው ሁሉ ይለየዋል። የሚያስፈራው ከእውነተኛ ሳንቲም ላይ ቅርጽ ተወስዶ በማቅለጥ የሚሠራው ነው። ንድፉ ትክክል ነው፤ ፊደሉም ትክክል ነው፤ ከእውነተኛው የተቀዳ ነዋ። መለያው ጥቃቅን ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ገጹ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አሉበት፤ ቀልጦ ሲፈስ የቀረ አየር ነው። የፊደሎቹ ጠርዝ ተልጎ እንዳለቀ ሳሙና ደብዝዟል። ዙሪያው ላይ ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት መስመር በሞረድ ተበልቷል። አረንጓዴው ዝገት ደግሞ ቀለም ስለሆነ አሴቶን በነካው ጥጥ ሲታሽ ይለቃል። ከሁሉም በላይ መንትያውን ፈልጉ። ሁለት ሳንቲም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ርዝመት፣ አንድ ዓይነት ጭረት ካለው ከአንድ እናት ነው የተቀዱት።

አክሱሞች ደግሞ ለፎርጅድ ሠሪ ከባድ የሆነ ጥበብ ነበራቸው። በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ ከንጉሡ ራስ ጀርባ ወይም ከመስቀሉ መሐል ስስ የወርቅ ቅጠል ይለብጣሉ። የጣት ጥፍር በማያህል ቦታ ላይ! የጥንት ዓለም አገሮች ሳንቲም ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ አይገኝም። እስካሁን እጄ የገቡት ፎርጅዶች ይህንን የሞከሩት በወርቅማ ቀለም ነው፤ ቀለሙም ከቦታው አልፎ ንጉሡ ጆሮ ላይ ፈሷል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሰብሳቢዎች ጣጣ አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። ገንዘብ ያለው ይግዛ፣ ተታለለም ይታለል። አይደለም፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ የእናንተ ጣጣ ነው።

የአክሱም ሳንቲም መመታት የጀመረው በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በእንዱቢስ ዘመን ነው። እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ሃያ ገደማ ነገሥታት ስማቸውን አስመትተዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹን የምናውቃቸው በሳንቲም ብቻ ነው። እባና፣ ነዛና፣ ኢዮኤል፣ ሐታዝ፣ ገርሰም... የድንጋይ ጽሑፍ የላቸውም። በብራና የቆየን የነገሥታት ዝርዝርም ከሳንቲሞቹ ጋር በአብዛኛው አይገጥምም። ካሌብን የመሳሰሉ ጥቂቶች ናቸው በሁለቱም በኩል የሚገኙት። እንግዲህ አስቡት፤ የአንድ ንጉሥ መኖር ማስረጃው አንዲት ግራም ተኩል የምትመዝን ብረት ናት። አንድ ፎርጅድ ሠሪ ፊደል ቢያዛባ ወይም ከሁለት ሳንቲም ግማሽ ግማሽ ወስዶ ቢያጋጥም፣ ያልነበረ ንጉሥ ሊወልድልን ይችላል። ያንን ንጉሥ ከመጽሐፍ ለማውጣት ደግሞ ስንት ዓመት ይፈጃል!

ሌላም አለ። ሳንቲም ዋጋው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የተገኘበት ቦታ ነው። የመን ውስጥ ኤደን አካባቢ፣ አል-መዳሪባ በሚባል ቦታ የተገኘውን ክምችት አስታውሱ። 868 የአክሱም ወርቅ ከ326 የሮም ወርቅ ጋር አብሮ ተገኘ። አብረው ስለተመዘገቡ ተመራማሪዎች የእኛን ነገሥታት ዘመናቸው ከሚታወቀው ከሮም ቄሣሮች ጎን አስቀምጠው ማየት ቻሉ። ያ ክምችት አንድ በአንድ ገበያ ላይ ቢበተን ኖሮ 868 ቆንጆ ሳንቲም እንጂ ታሪክ አይሆንም ነበር። አሁን በየመዳፉ የሚዞረው እውነተኛ ሳንቲም ዕጣው ይኸው ነው። ፎርጅዱ ደግሞ መደበቂያ ሆነለት። መቶ ቅጂ ውስጥ አንድ ኦርጅናል ቢገባ ማን ያየዋል?

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ጎብኚ አሮጌ የሚመስል ዕቃ ከገዛ፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ከእናንተ እንዲያወጣ ይመከራል። ምልክት የሌለው ቅጂ እዚህ ላይ ባለሙያችሁን በከንቱ ያደክማል። ናስ ይዞ የመጣ ሰው ይሰለፋል፤ ቅርስ የያዘው ደግሞ «እኔም ማስታወሻ ነው የገዛሁት» ብሎ ያልፋል። «ቅጂ» የታተመበት ያለ ምንም ወረቀት ይለፍ። ያልታተመበት ብቻ ይፈተሽ። ሥራችሁ በግማሽ ባይቀልላችሁ እኔ ልጠየቅ።

ወደ ማርትሬዛ ልምጣ፤ በብዙ ቤት ያለችው እሷ ናትና።

ማርትሬዛ ስትነሣ ፎርጅድ የሚለውን ነገር ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉም ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። ምስሏ ያለባት የኦስትሪያዋ ገዢ ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከዚያ በኋላ ዓመቱ ሳይነካ ሲመታ ኖረ፤ ቪየና ዛሬም ይመታዋል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍሉትን 500,000 ማርትሬዛ ቪየና ላይ ነው ያዘዙት፤ የእኛ ገበሬ ሌላ ገንዘብ አይቀበልማ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ያስመታ ጀመር። እንግሊዝ «እኔስ ምን አነሰኝ» ብላ ለንደን ላይ አስመታች። ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተመትቷል። እነዚህን ሁሉ ፎርጅድ ልንላቸው ነው? እኔ አልልም። የብር መጠናቸው አልተነካም፤ ክብደታቸውም ያው ነው። ሰብሳቢ ይለያቸዋል እንጂ ገበያ ላይ ማንንም አልበሉም።

የድሮ ሰው ደግሞ በቀላሉ የሚበላ አልነበረም። ጣሊያን በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ ብላ ማርትሬዛን የምትመስል ታለሮ የምትባል ብር አወጣች። ሴትዮዋ ሌላ ሆነች፤ ሕዝቡ አየና አልቀበልም አለ። አበቃ። ምኒልክ እንኳ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ አስመትተው ያመጡት የራሳቸው ብር ማርትሬዛን ከገበያ ሊያስወጣት አልቻለም።

የዛሬው ፎርጅድ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ውስጡ ብር የለም። አንዲት የሰፈራችን እናት የአያታቸውን ድሪ ይዘው መጡ። ማርትሬዛዎቹ በቀለበት ተያይዘው የተንጠለጠሉበት የወሎ ድሪ ነው። አንድ ቦታ ለጥገና ሰጥተውት ነበር። «ልጄ፣ እስቲ እየው፤ ድምፁ አልጣመኝም» አሉኝ። አንገታቸው ላይ ሲራመዱ የሚሰማው ድምፅ ተለውጦባቸዋል! እኔ ሚዛን ሳላወጣ እሳቸው በጆሯቸው ጨርሰውታል። ዙሪያውን አየሁት። እውነተኛዋ ማርትሬዛ ጠርዟ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጉብ ጉብ ያለ ጽሑፍ ከሐረግ ጋር ይዞራታል። ከድሪው ላይ ሁለቱ ጠርዛቸው እንደ ዛሬ ሳንቲም ጥርስ ጥርስ ብቻ ነው። ደረቷ ላይ ካለው ጌጥ ዕንቁዎቹ ተጣብቀው አንድ እብጠት ሆነዋል፤ ሲቆጠሩ ዘጠኝ መሆን ነበረባቸው። እኚህ እናት ሰብሳቢ አይደሉም። ምንም አልገዙም፤ ምንም አልሸጡም። ቅርሳቸውን በቤታቸው ይዘው ነው የተዘረፉት።

ቤቱ ጠገራ ያለው ሰው ይህችን ይያዝ። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ናት፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ወርቅ ቤት ያለ ሚዛን ይበቃል። በመዳብና ኒኬል የተሠራ ፎርጅድ በመጠኑ ልክ ከሆነ 24 ግራም ተኩል አካባቢ ይቀራል። ክብደቱን ላሟላ ካለ ደግሞ ይወፍራል፤ ከእውነተኛ ጎን ሲቆም ይታያል። ማግኔት ከሳበው በቃ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። አልሳበውም ማለት ግን ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም፤ መዳብም ናስም በማግኔት አይሳቡም። እባካችሁ በአሲድና በአመድ አትሹት፤ እውነተኛም ከሆነ ዋጋውን ታጠፉታላችሁ።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ አውሮፓ ያለ ወገን የአገሩን ሳንቲም በስልኩ ሲያይ ልቡ ይሸፈታል፤ እረዳለሁ። የአክሱም ሳንቲም ስትገዙ ግን ከድሮ ስብስብ ስለመምጣቱ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት ከሌለው ዕጣችሁ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ናስ በወርቅ ዋጋ፣ ወይ ከአገራችሁ ማሳ የተሰረቀ ቅርስ።

አሜሪካ የምጠይቀውን ነገር ከጀመረችው ቆየች። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ የሚሠራም የሚገባም የሳንቲም አምሳያ «ኮፒ» የሚል ቃል ጠልቆ ሊታተምበት ግድ ነው። የፊደሉ ቁመት ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ እንኳ ደንብ ወጥቶለታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሕጉን አጥብቀው ምልክት የሌለውን የሚሸጠውንና ለሻጩ የሚተባበረውን ጭምር አስገቡበት። ፎርጅድ ከዚያ አገር ጠፋ ወይ? አልጠፋም። ግን ሐቀኛው ቅጂ ሠሪ ከአጭበርባሪው ተለየ። ምልክት የሌለው ይዞ የተገኘ ሰው «ለማስታወሻ ነው የሠራሁት» ማለት አይችልም።

እኛ ጋ ይህን ለማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። ቅጂ የሚቀርጹት ሰዎች ቅርጻቸው ላይ አንዲት ቃል ይጨምራሉ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ናት። ሙዚየሞቻችሁም በራሳቸው ሱቅ ጥሩ ቅጂ ቢሸጡ ደስ ይለናል፤ ንጉሡ ትክክል፣ ፊደሉ ትክክል፣ መጠኑ ግን ሆን ተብሎ ከፍ ያለ፣ ከኋላው «ቅጂ» የታተመበት። የአክሱም ልጆችም እሱን ተረክበው ይሽጡ። «አባቴ ያገኘው ነው» የሚለው ቀርቶ የንጉሡን ስም ቢነግሩን ደግሞ የበለጠ ያተርፋሉ፤ እኔ ለዚያ እጨምራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ወይም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ፣ ከእውነተኞቹ ሳንቲሞች ጎን አንድ ትሪ ፎርጅድ ቢቀመጥ ምን ይመስላችኋል? ሰው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አይቶ ዐይኑን ያሠለጥናል። ለትሪው የሚሆን ዕቃ ካጠራችሁ የጓደኛዬ ኢዛና አለች፤ ሊያወጣት ተስማምቷል። እኔም ከመሳቢያዬ የምጨምረው አላጣም። ደረሰኝ ስጡን እንጂ ሌላ ክፍያ አንጠይቅም። በየትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ሰዓት እንደምናስረክብ ይነገረን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ሳንቲም ሰብሳቢ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለስጦታ ዕቃ ሱቆች
ለወርቅና ብር ሠሪዎች
ጠገራ ብር በሣጥኑ ላስቀመጠ ሁሉ